የተሰሎንቄ ከተማ፤ ሕንጻዎቿና ማዕዷ



የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ሲነበቡ የሰማ ሁሉ ተሰሎንቄን በስም ያውቃታል። ሐዋርያው በምኵራቧ ሦስት ሰንበት አስተምሮ፥ ሁከት ቢነሣበት በሌሊት ወደ ቤርያ የሸሸባት ከተማ ናት። ዛሬም ከባሕሩ ዳር ሳትለቅ፥ ከአቴና ቀጥላ የግሪክ አገር ሁለተኛ ከተማ ሆና ትኖራለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ315 ዓመት ገደማ የቈረቈራት የመቄዶንያ ገዥ ካሳንድሮስ ሲሆን፥ ስሟንም ያወጣላት በሚስቱ፥ በአባቷ በኩል የታላቁ እስክንድር እኅት በሆነችው በተሰሎንቄ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ሮቱንዳ የተባለውን ክብ ሕንጻ ነው። ያሠራው በአራተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የሮማው ቄሣር ጋሌርዮስ ነበር፤ የግድግዳው ውፍረት ከ6 ሜትር ይበልጣል። ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረው ይህ ቄሣር ያሠራው ሕንጻ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዪቱን በ1430 የያዙት ቱርኮችም በጊዜው መስጊድ አደረጉት፤ ግሪኮች በ1912 ሲመለሱ እንደ ገና ለክርስቲያኖች ሆነ። ሚናራው ግን ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ከጎኑ ቆሞ ይታያል። ብዙ ሰው ቸኵሎ የሚሄደው በባሕሩ ዳር ወዳለው ነጭ ግንብ ነው፤ እኔ ግን ከሁለቱ ሮቱንዳን አስበልጣለሁ።

በ1492 ከስፔን የተባረሩት አይሁድ ብዙዎቹ በዚህች ከተማ ተጠጉ። ቍጥራቸውም እጅግ ስለ በዛ፥ ለብዙ ዘመን ወደቡ በቅዳሜ ሥራ ይፈታ ነበር። በ1917 የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ የከተማዪቱን መካከል አጥፍቶ ከ70,000 የሚበልጥ ሰው ያለ መጠለያ አስቀረ፤ ከእነዚህም የሚበዙት አይሁድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ፥ በ1923 በሎዛን በተደረገው ስምምነት መሠረት፥ እስላሞቹ ወደ ቱርክ ተሻገሩ፤ ከታናሽ እስያ የተሰደዱ ክርስቲያኖችም በስፍራቸው ገቡ።

የማዕዱን ታሪክ የሚያስረዳን ይህ የሕዝብ መፈራረቅ ነው። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጣደፍ ሠራተኛ በመንገድ ላይ ገዝቶ የሚበላው ኩሉሪ፥ ሰሊጥ የተነሰነሰበት እንደ ቀለበት ያለ ዳቦ ነው። ቡጋጻ ደግሞ እንደ ወረቀት በሣሣ ሊጥ ውስጥ አይብ ወይም ሥጋ ወይም የወተት ክሬም ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው፤ ሙያውንም ያስፋፉት እነዚያ ስደተኞች ናቸው። ከሰላጤው የሚወጣው፥ ሚዲያ የሚሉት በጥቁር ዛጎል ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ከሩዝ ጋር ይቀርባል። የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን ደም የለውም ብለው በዐቢይ ጾም ይበሉታል፤ የእኛ ሰው ግን እንኳን በጾም በፍስክም ቢሆን ዛጎሉን ሲያይ እጁን መሰብሰቡ አይቀርም።

ይህ ሁሉ በአንድነት የሚገኘው በሞዲያኖ ገበያ ነው። ከቃጠሎው በኋላ ገበያውን የሠራው የከተማዪቱ ተወላጅ የሆነ አይሁዳዊ አርክቴክት፥ ኤሊ ሞዲያኖ ነበር። ገበያው በ2022 ታድሶ ተከፍቷል። ሥጋና ዓሣ፥ ወይራና ቅመም ይሸጥበታል፤ የሠሪው ወገኖች ግን ከከተማዪቱ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል።

ጀርመኖች ከተማዪቱን በ1941 ያዙ። በታኅሣሥ 1942 በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ መቃብሮች የነበሩበት ጥንታዊው የአይሁድ መካነ መቃብር መፍረስ ጀመረ። በመጋቢት 1943 የመጀመሪያው ባቡር ወደ አውሽቪትስ ተነሣ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ከ45,000 የሚበልጡ ሰዎች ተጫኑ፤ የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ በመካነ መቃብሩ መሬት ላይ የአርስቶትል ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። በግቢው ውስጥ መታሰቢያ የተሠራው በ2014 ነው። የመቃብሩ እብነ በረድ ለግንብና ለመንገድ ንጣፍ ስለ ዋለ፥ በከተማዪቱ አንዳንድ አሮጌ አጥር ላይ ዕብራይስጥ የተጻፈበት ስባሪ ድንጋይ ይገኛል።