ጥርስን የማቃናት ሙያ በመሐንዲስ ዓይን

የተዛነፈን ምሰሶ ማቃናት ለሙያችን እንግዳ ሥራ አይደለም። የተዛነፈን ጥርስ ማቃናትም ከዚሁ ብዙ የራቀ አይመስልም፤ ልዩነቱ ጥርስ የቆመበት መሠረት ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ይህን ልዩነት ጠንቅቀው እስኪረዱ ድረስ ብዙ ዘመን ወስዶባቸዋል።

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጥርስን ረድፍ ተከትሎ የታጠፈ፣ ቀዳዳዎች ያሉት ዝርግ ብረት ገልጾ ነበር። ጠማማዎቹ ጥርሶች በክር ከብረቱ ጋር እየታሰሩ ቀስ በቀስ ወደ ቅስቱ ይሳባሉ። ብልሃቱ መልካም ነበር፤ የጎደለው ጠማማነት የሚለካበት መነሻ ነው።

ይህን መነሻ ያበጀው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። (ስሙ በእንግሊዝኛ «ማዕዘን» ማለት መሆኑ ለመሐንዲስ ፈገግታን የሚያጭር አጋጣሚ ነው።) አንግል በ1899 ባወጣው ጽሑፍ የላይኛውን የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ቀያሽ እንደሚተክለው የከፍታ ምልክት ቈጠረው። የታችኛው አቻው በትክክል ገጥሞ ሌሎቹ ጥርሶች ቢጨናነቁ ወይም ቢዞሩ አንደኛ ክፍል፣ የታችኛው ወደ ኋላ ቢቀር ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ቢያልፍ ሦስተኛ ክፍል አለው። አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራበታል።

ሆኖም አንግል ከዚህ አልፎ ማንም ጥርስ ሊነቀል አይገባም፤ ጥርሶቹ በሥርዓት ከተደረደሩ አጥንቱ ራሱ ተከትሎ ያድጋል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ካልቪን ኬዝ በ1911 ይህን በአደባባይ ቢቃወምም ሰሚ አላገኘም። ነገሩን የገለበጠው የአንግል ደቀ መዝሙር ቻርልስ ትዊድ ነው። ሳይነቅል ያቃናቸው ሰዎች አፋቸው ወደ ፊት ሲያሞጠሙጥ፣ ጥርሳቸውም ተመልሶ ሲዛነፍ አየ። በ1940፣ አንግል ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ ሳይነቅል፣ ቀጥሎም አራት ትንንሽ መንጋጋዎችን ነቅሎ ያከማቸውን 100 ሰዎች ማስረጃ ለባልደረቦቹ አቀረበ። የአንግል ስሕተት፣ ምልክቱን በትክክል ተክሎ የአፈሩን የመሸከም አቅም ያልመረመረ ቀያሽ ስሕተት ይመስለኛል።

በመካኒክስ ረገድ ግን ወደር አልነበረውም። ክብ ሽቦ ጥርስን ሲገፋ አናቱ ወደ አንድ ወገን፣ የሥሩ ጫፍ ወደ ተቃራኒው ይዘነበላል። ሥሩን ለመግዛት ጥንድ ኃይል ያስፈልጋል። አንግል በ1920ዎቹ ቁመቱ 0.022 ኢንች፣ ጥልቀቱ 0.028 ኢንች በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቦይ ውስጥ አራት ማዕዘን ሽቦ አስገባ። የተጠመዘዘው ሽቦ በቦዩ ግድግዳዎች ላይ ተቃራኒ ኃይሎች ሲያሳርፍ ሥሩ ይታዘዛል።

ታዲያ ኃይሉ ምን ያህል ይሁን? ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት በ1904 እና በ1905 ባሳተማቸው በውሻ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ ከባድ ኃይል ሲያርፍ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ያለው ሥጋ እንደሚሞት አሳይቷል። ያን ጊዜ ጥርሱ አይንቀሳቀስም፤ አጥንቱ ከጀርባ እስኪቦረቦር ይጠብቃል። የጨመሩት ኃይል ሥራውን ያዘገየዋል ማለት ነው።

ለስላሳ ኃይል ለማግኘት ሽቦን ማቅጠን አንድ መንገድ ነው፤ የክብ ሽቦ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ ወደ 1/16 ይወርዳል። ሌላው ማዕድኑን መለወጥ ነው። በ1970ዎቹ ጆርጅ አንድሪያሰን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ የተገኘውን ኒቲኖል የተባለ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ለዚህ ሥራ አዋለው። ብዙ ቢታጠፍም በለዘብታ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በመቆንጠጫ እንደ ልብ ስለማይታጠፍ ግን ለመጨረሻው ማስተካከያ ብዙ ሐኪሞች የማይዝግ የብረት ሽቦ ይመርጣሉ፤ እሱም የሚገባው አንግል በለካው 0.022 ኢንች ቦይ ወይም ኋላ በመጣው 0.018 ውስጥ ነው።