ፋሲል ግቢ፦ ከነገሥታት መኖሪያ እስከ እድሳት

ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግቢ ፎቶ ሳይነሳ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ግን እዚያ ያለው አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት በ1636 ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል ግን በድንጋይና በኖራ ትልቁን ግንብ አሠሩ። ከሳቸው በኋላ የመጡትም የየራሳቸውን ጨመሩበት፦

▪️ ቀዳማዊ ዮሐንስ፦ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት
▪️ ቀዳማዊ ኢያሱ፦ ጣሪያው የፈረስ ኮርቻ የሚመስለው ግንብ
▪️ ዐፄ ዳዊት፦ የዜማ አዳራሽ
▪️ ዐፄ በካፋ፦ የግብር አዳራሽ
▪️ እቴጌ ምንትዋብ፦ በስማቸው የሚጠራው ግንብ

ሁሉም ያሉት 12 በሮች ባሉት አንድ ቅጥር ውስጥ ነው።

በዘመነ መሳፍንት ለንጉሡ ስሙ ብቻ ቀረለት፤ ግቢውም ደበዘዘ። በ1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዞሩ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ።

ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ ግንቦቹን ጠጋግኖ ቢሮ አደረጋቸው። በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ከአየር ሲደበድቡ የኢያሱ ግንብ ተጎዳ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳት ግን ከቦምብ ሳይሆን ከጥገናው የመጣ ነው። በ1930ዎቹ እድሳት ላይ ሲሚንቶና አርማታ ገባ። ኖራ እርጥበትን ቀስ አድርጎ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነው ውሃ ደግሞ ድንጋዩንና የድሮውን ኖራ ከውስጥ ይበላዋል። ለዚህ ነው በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ መተካት የጀመሩት።

ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ዛሬ የሚኖርበት ንጉሥ የለም፤ የምንገባበት እኛው ጎብኚዎቹ ነን።

ስለዚህ የታደሰ ቅርስ ስናይ "አምሯል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "በምን ታደሰ?" ብለንም እንጠይቅ። ግድግዳው ላይ ስማችንን መጫሩም ይቅርብን። 400 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንብ የኛን ስም አይፈልግም!

እናንተስ ፋሲል ግቢን አይታችሁታል? ከግንቦቹ የትኛውን ወደዳችሁት?