የአንድ ማዕድን ሁለት ስሞች፦ ካያናይትና ዲስቴን

እ.ኤ.አ. በ1789 ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር ረዣዥምና ጠፍጣፋ ክሪስታል ያለውን አንድ ሰማያዊ ማዕድን «ካያናይት» ሲል ሰየመው። ስሙ ጥቁር ሰማያዊ ከሚል ፍች ካለው «ኪያኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዡስት አዩይ ይህንኑ ማዕድን «ዲስቴን» አለው፤ «ሁለት ኃይል» ማለት ነው። የመጀመሪያው ስያሜ ዓይን ያየውን፣ ሁለተኛው ፈተና ያሳየውን ተከተለ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸናው ስም ካያናይት ቢሆንም፣ በፈረንሳይኛና በሩስያኛ ጽሑፎች ዲስቴንም ይገኛል። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚተረጉም ሰው ሳያውቅ አንዱን ማዕድን ሁለት ሊያደርገው ይችላል።

ስሙን ወደ አማርኛ እንተርጉመው ብንልስ? «ሰማያዊ ድንጋይ» ማለት አያዋጣም። ካያናይት ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎም ብርቱካንማ ሆኖ ይገኛልና። ከዚህም በላይ ከሰንፔር ጋር ያደባልቀዋል። ሰንፔር ራሱ እንኳ ጽኑ አይደለም፤ ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው ዛሬ ላፒስ ላዙሊ የምንለውን ድንጋይ ነበር።

«ሁለት ጥንካሬ» ማለትስ? ጠባዩ እውነተኛ ነው። በሞህስ መለኪያ የካያናይት ጥንካሬ በክሪስታሉ ርዝመት ከ4.5 እስከ 5፣ በወርዱ ከ6.5 እስከ 7 ይደርሳል፤ ቢላዋ በቁመቱ ይጭረዋል፣ በአግድሙ ግን አይጭረውም። ይሁን እንጂ «ጥንካሬ» በአማርኛ ብርታትንም፣ አለመሰበርንም፣ ጤንነትንም ስለሚያመለክት፣ በማዕድን ጥናት የተፈለገው መጫርን መቋቋም ብቻ መሆኑ ካልተገለጸ አንባቢን ያሳስታል።

ከሥሪቱ በመነሣት መሰየምም አይቻልም። አንዳሉሳይትና ሲሊማናይት ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት የንጥረ ነገር ቅንብር አላቸው፤ የሚለያቸው የክሪስታላቸው አወቃቀር ሲሆን፣ የትኛው እንደሚፈጠር የሚወስኑት ግፊትና ሙቀት ናቸው። የሸክላ ደለል የነበረ አለት በምድር ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሲለወጥ የሚገኘው ካያናይት ነው። ይህም ማዕድን በብርቱ እሳት ሲቃጠል ሙላይት ወደሚባል ሙቀት ቻይ ነገር ስለሚለወጥ፣ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ ጡብና ለመኪና ካንዴላ ሸክላ ያገለግላል።

እንግዲህ ስሙ በውሰት ይግባ፤ እውነቱን ፍቺው ይሸከም፦

«ካያናይት፦ (ስ.) ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮንና ከኦክሲጅን የተገነባ፣ በልውጥ አለት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የሚፈጠር፣ በአብዛኛው ሰማያዊ የሆነ ማዕድን፤ መጫርን የመቋቋም ኃይሉ በርዝመቱና በወርዱ ይለያያል። በሌላ ስሙ ዲስቴን።»