ሄሞግሎቢንና የወር አበባ ሕመም፦ በወጣት ሴቶች ላይ የሚታየው ዝምድና ምንጩ ምንድን ነው?

የወር አበባ ሕመም በሚበረታባቸው ወጣት ሴቶች ዘንድ ሄሞግሎቢን ዝቅ ብሎ ሲገኝ አንድ ማብራሪያ ቶሎ ይቀርባል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሲቀንስ የማሕፀን ጡንቻ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ቁርጠቱም ይብሳል የሚል። ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን ያመነጫል። ይህም ማሕፀንን አጥብቆ ያኮማትራል፣ የደም ሥሮቹንም ያጠባል። ጡንቻው የሚታመመው እንግዲህ ደም በበቂ ስለማይደርሰው ነው፤ የሚደርሰው ደም ሄሞግሎቢኑ ማነሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መለስተኛ ደም ማነስ ሲኖርማ ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅንን ይበልጥ በቀላሉ ስለሚለቁ ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል።

ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለኝ ሕመሙንና የሄሞግሎቢኑን ማነስ የሚያገናኘው የሚፈሰው ደም ብዛት መሆኑ ነው። ሃልበርግና ባልደረቦቹ በስዊድን ጎተንበርግ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የወር አበባ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር የሚያልፍ ደም መፍሰስን ከደም ማነስ ጋር አያይዞታል። ስሌቱም ይህንኑ ይደግፋል። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 3.4 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል፤ ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር 12 ግራም የሆነ ወጣት 80 ሚሊ ሊትር ደም ስታጣ 33 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አብሮ ይወጣል። ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግደው ፋይቴት በበዛበት የእህል ምግብ፣ ያውም ቡና እየተከተለው፣ ይህን በየወሩ መተካት ቀላል አይደለም። ፕሮስታግላንዲን ደግሞ በሕመሙም በደሙ መብዛትም እጁ አለበት፤ አይቡፕሮፌን ቁርጠቱን ሲያስታግስ የሚፈሰውንም ደም የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

በአገራችን በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርግ ልኬቱን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው የገለጸው ልኬቱን ለከፍታ አስተካክሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች ያስቀመጠው በዴሲ ሊትር የ12 ግራም ሄሞግሎቢን ወለል ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው አዲስ አበባ ሳይስተካከል ከተወሰደ፣ ደም ማነስ ያለባት ተማሪ ጤነኛ ተብላ ትመዘገባለች። ብረቷ ተሟጥጦ ሄሞግሎቢኗ ገና ያልወረደ ተማሪን የሚያሳየው ደግሞ የብረት ክምችትን የሚያመለክተው የፌሪቲን ልኬት ነው።

ስለዚህ የብረት እንክብል የጎደለውን ብረት ይተካል እንጂ ለቁርጠት ማስታገሻ ተብሎ ሊታዘዝ አይገባም። ማስታገሻ የሚሰጥ ባለሙያም በቀን ስንት ሞዴስ እንደምትቀይርና የረጋ ደም ይወርዳት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ዓመት ከዓመት እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከሆነም ኢንዶሜትሪዮሲስን (የማሕፀን ሽፋን መሰል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበትን ሕመም) ያስብ።