ሮማኔ ኮንቲ፦ ከሰባት ጥማድ መሬት የሚገኘው ዝነኛው የፈረንሳይ ቀይ ወይን

ሮማኔ ኮንቲ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ አካባቢ፣ ቮን ሮማኔ በተባለች አነስተኛ መንደር የሚመረት ቀይ የወይን ጠጅ ነው። ስሙ የመጠጡም የማሳውም መጠሪያ ነው። የማሳው ስፋት 1.81 ሄክታር ሲሆን በእኛ አገር ልኬት ከሰባት ጥማድ ጥቂት ይበልጣል። ከዚህ መሬት በዓመት የሚገኘው ምርት በአማካይ ከ5 ሺህ እስከ 6 ሺህ ጠርሙስ ብቻ ነው። የአንዱ ጠርሙስ ዋጋም በዓለም ገበያ ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ይጠራል።

ማሳውን የሚያለማው ዶሜን ደ ላ ሮማኔ ኮንቲ የተባለ እርሻ ነው። የእርሻው ባለቤቶች ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። እነዚህ ቤተሰቦች መሬታቸው ተከፋፍሎ እንዳያልቅ፣ አፈሩ ታጥቦ እንዳይሄድ፣ ዘሩ እንዳይጠፋና ስሙ በሌሎች እንዳይነጠቅ ያደረጉት ጥረት መሬቱን በእጁ ለሚያርስ ሁሉ የሚነገር ቁም ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሳውና አፈሩ

ቮን ሮማኔ የምትገኘው ከዲዦን ከተማ በስተደቡብ ወደ ቦን ከተማ በሚወስደው የኮረብታ ሰንሰለት ግርጌ ነው። ኮረብታው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ በመሆኑ ማሳዎቹ የማለዳ ፀሐይ ያገኛሉ። የሮማኔ ኮንቲ ማሳ ያረፈው በተዳፋቱ ወገብ ላይ ነው። ከላይ ያለው መሬት አፈሩ ስስና ድንጋያማ ሲሆን፣ ከታች ያለው ሜዳ ደግሞ ጥልቅና ውኃ የሚቋጥር ነው። የመካከለኛው ክፍል የሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት በመሆኑ ውኃን በልክ ይይዛል፤ የተረፈውንም ያሳልፋል።

በቡርጎኝ በባሕርይው ተለይቶ የሚታወቅ እያንዳንዱ ቁራሽ ማሳ የራሱ ስም አለው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እንዲህ ያሉ ማሳዎች 1 ሺህ 247 ናቸው። በአንድ መንገድ ብቻ የተለያዩ ሁለት ማሳዎች የተለያየ ጣዕምና ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል። ከሮማኔ ኮንቲ በላይ በኩል የሚዋሰነው ላ ሮማኔ የተባለው ማሳ ስፋቱ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም የሌላ ቤተሰብ ይዞታ ሆኖ በራሱ ስም ወይኑን ይሸጣል።

ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ የአፈር መሸርሸር የማይቀር ፈተና ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማሳው ባለቤቶች ከኮረብታው ላይ አፈር በጋሪ እያስጫኑ የታጠበውን ይተኩ እንደነበር መዛግብት ያሳያሉ።

ከገዳም ይዞታነት እስከ ቤተሰብ ርስትነት

ማሳው በመካከለኛው ዘመን የሴንት ቪቮን ገዳም መነኮሳት ይዞታ ነበር። በ1631 ክሩነምቡር የተባለ ቤተሰብ ገዛው። ሮማኔ የሚለውን ስም ያገኘውም በዚሁ ቤተሰብ ዘመን ነው። በ1760 የንጉሡ ዘመድ የሆኑት የኮንቲው ልዑል ሉዊ ፍራንሷ ደ ቡርቦን በከፍተኛ ዋጋ የግላቸው አደረጉት። ልዑሉ ወይኑን ለገበያ ማቅረብ ትተው ለራሳቸው ማዕድ ብቻ እንዲውል አድርገዋል። የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳ ጊዜ ማሳው በመንግሥት ተወርሶ በ1794 በጨረታ ተሸጠ። የልዑሉ ማዕረግ ግን ከማሳው ስም ጋር ተጣምሮ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በ1869 ዣክ ማሪ ዱቮ ብሎሼ የተባሉ የወይን ነጋዴ ማሳውን ገዙ። ዛሬ ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው የደ ቪሌን ቤተሰብ ከእርሳቸው ጋር በዝምድና የተሳሰረ ነው። በ1933 እርሻው ላ ታሽ የተባለውን አጎራባች ማሳ ጨመረ። በ1942 ደግሞ የእርሻውን ግማሽ ድርሻ አንሪ ለሯ የተባሉ የወይን ነጋዴ ገዙት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እርሻው የደ ቪሌንና የለሯ ቤተሰቦች እኩል ይዞታ ሆኖ ከሁለቱም ወገን በሚወከሉ ኃላፊዎች ይመራል። ከ1974 አንሥቶ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ እርሻውን የመሩት ኦቤር ደ ቪሌን በ2022 መጀመሪያ ኃላፊነታቸውን ለተተኪው ትውልድ አስረክበዋል።

ውርስ መሬትን እንዳይከፋፍል

በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ርስት ለልጆች በእኩል እንዲከፋፈል ይደነግጋል። ሕጉ ፍትሐዊ ቢሆንም በቡርጎኝ መሬትን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲቆራርጥ ኖሯል። በአቅራቢያው የሚገኘው ክሎ ደ ቩዦ የተባለው ማሳ 50 ሄክታር ገደማ ሲሆን ከ80 በላይ ባለይዞታዎች አሉት። አንዳንዱ ያለው ጥቂት የተክል መስመር ብቻ ነው። መሬቱ በውርስ እየጠበበ የመጣበት የአገራችን አርሶ አደር ይህን ችግር በሚገባ ያውቀዋል።

የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች በ1942 የወሰዱት መፍትሔ እርሻውን የሽርክና ማኅበር ማድረግ ነበር። ወራሾች የሚካፈሉት መሬቱን ሳይሆን የማኅበሩን ድርሻ ነው። አንድ ወራሽ ቢሞት ልጆቹ ድርሻውን ይከፋፈላሉ እንጂ ማሳው ላይ ድንበር አይሰመርም። በመሆኑም የወራሾቹ ቁጥር እየጨመረ ቢሄድም 1.81 ሄክታሩ አንድ ማሳ እንደሆነ ቆይቷል።

የሥር ተባዩና የ1945 ምርት

በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት ከሰሜን አሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገባች። ይህች ተባይ የወይንን ሥር በመምጠጥ ተክሉን ታደርቃለች። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው የፈረንሳይ የወይን እርሻ ወደመ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የአውሮፓን ወይን ቀንበጥ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ነበር። ዛሬ በአገራችን የአቮካዶና የማንጎ ችግኞች የሚዳቀሉበት ዘዴ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው።

የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች ግን ነባሩን ተክል ለመንቀል አልፈቀዱም። ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል ወደ አፈሩ እያስገቡ ተባዩን ሲከላከሉ ኖሩ። ያረጀው ተክል ሲደክም ደግሞ ግንዱን አጎንብሰው አፈር ያለብሱታል፤ ከተቀበረው ግንድም አዲስ ሥርና ቀንበጥ ይወጣል። በዚህ መንገድ የማሳው ዘር ሳይቋረጥ ለዘመናት ቆየ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ኬሚካሉም የሰው ጉልበትም ጠፋ። ተክሎቹም ተዳከሙ።

በ1945 መኸር የተገኘው ምርት 600 ጠርሙስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ተክሉን በሙሉ ነቀሉት። በ1947 ከላ ታሽ ማሳ የተመረጡ ቀንበጦችን አዳቅለው በምትኩ ተከሉ። የላ ታሽ ተክሎች ቀደም ሲል ከሮማኔ ኮንቲ በተወሰዱ ቀንበጦች የተባዙ ስለነበሩ ዘሩ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል። አዲሱ ተክል ለደረጃው የሚመጥን ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ከ1946 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት በሮማኔ ኮንቲ ስም አንድም ጠርሙስ አልወጣም። የመጀመሪያው አዲስ ምርት የ1952 ነው።

ከ1945ቱ ምርት አንዱ ጠርሙስ በጥቅምት 2018 ኒውዮርክ ላይ በተካሄደ ጨረታ በ558 ሺህ ዶላር ተሽጧል። ይህም በወቅቱ ለአንድ ጠርሙስ ወይን በጨረታ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር።

ከግረዛ እስከ በርሜል

በማሳው የሚበቅለው ፒኖ ኑዋር የተባለ ጥቁር የወይን ዝርያ ነው። ቆዳው ስስ ሲሆን ለውርጭ፣ ለበረዶና ለሻጋታ በሽታ ይጋለጣል። ተክሎቹ ተጠጋግተው የሚተከሉ ሲሆን በአንድ ሄክታር ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። በክረምት በጥብቅ ይገረዛሉ፤ በአንድ ግንድ ላይ የሚቀረው የፍሬ ዘለላም ጥቂት ነው። ለአንድ ጠርሙስ ወይን የሦስት ተክሎች ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። ምርቱ ሆን ተብሎ የሚቀነሰው የቀረው ፍሬ ጣዕሙ እንዲጠነክር ነው።

እርሻው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ኬሚካል መጠቀም አቁሟል። አፈሩ በብስባሽ ይዳብራል። ከባድ ትራክተር አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው ማሳው በፈረስ ይታረሳል። የሞቱ ተክሎች የሚተኩት ከማሳው ውስጥ ጤናማና ጥሩ ፍሬ ያላቸውን ለይቶ ቀንበጣቸውን በማባዛት ነው። ይህም አርሶ አደሩ ከአዝመራው መካከል ምርጡን ለዘር ከሚለይበት ልማድ ጋር ይመሳሰላል።

ፍሬው በእጅ ይለቀማል፤ የተበላሸውም ጠረጴዛ ላይ ተለይቶ ይወገዳል። ከዚያ በኋላ ዘለላው አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሮው በእንጨት ገንዳ ውስጥ ይብላላል። የተብላላው ወይን በአዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ በጠርሙስ ይታሸጋል።

ስምን በሕግ መጠበቅ

ፈረንሳይ በ1935 ባወጣችው ሕግ የምርትን የትውልድ ቦታ ስም መጠበቅ ጀመረች። ሮማኔ ኮንቲ በዚህ ሕግ መሠረት በ1936 ተመዘገበ። ሕጉ የማሳውን ወሰን፣ የዝርያውን ዓይነትና ከአንድ ሄክታር የሚፈቀደውን ከፍተኛ የምርት መጠን ይወስናል። ከወሰኑ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ የበቀለ ወይን በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ከቡርጎኝ ጠቅላላ ምርት እንዲህ ያለውን ከፍተኛ ደረጃ የሚይዘው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስሙ በዋጋው መጠን አስመሳዮችንም ስቧል። በ2013 በኒውዮርክ ጥፋተኛ የተባለ አንድ የወይን ነጋዴ ርካሽ ወይኖችን ቀላቅሎ የዚህን እርሻና የሌሎች ዝነኛ አምራቾችን መለያ እየለጠፈ ሲሸጥ ተደርሶበት በቀጣዩ ዓመት 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ማሳውን እንደሚመርዝ በመዛት አንድ ሚሊዮን ዩሮ የጠየቀ ግለሰብ ጥቂት ተክሎችን በመመረዝ ዛቻው እውነት መሆኑን አሳየ። ፖሊስም ገንዘቡ እንዲቀመጥለት ባዘዘበት የመቃብር ስፍራ አድፍጦ ያዘው።

የአየር ንብረት ለውጥ

በቦን ከተማ ከ1354 እስከ 2018 ያለው የወይን ለቀማ ቀን መዝገብ ተሰባስቦ ተጠንቷል። ጥናቱ እንደሚያሳየው ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀደሙት ዘመናት አማካይ በ13 ቀናት ያህል ቀድሟል። ሙቀቱ ተክሉ ቀድሞ እንዲያቆጠቁጥ ስለሚያደርገው የሚያዝያ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ያገኘዋል። በ2016 በደረሰው ውርጭ ሞንራሼ በተባለው ነጭ ወይን በሚመረትበት ማሳ የዶሜን ደ ላ ሮማኔ ኮንቲን ድርሻ ጨምሮ የብዙዎች ፍሬ ረገፈ። ሰባት አምራቾችም ለየብቻ ሊጠመቅ የማይችለውን ጥቂት ፍሬያቸውን አዋጥተው በጋራ 600 ጠርሙስ ያህል አወጡ።

የስም ዋጋ በአገራችን

የሮማኔ ኮንቲ ዕጣ የፈረንሳይ ወይን አምራቾች ሁሉ ዕጣ አይደለም። በ2023 የፈረንሳይ መንግሥት በቦርዶ አካባቢ ገበያ ያጣ 9 ሺህ 500 ሄክታር ገደማ የወይን ተክል እንዲነቀል ድጎማ መድቧል። ስለዚህ ወይን መትከል ብቻውን ሀብት አያመጣም።

በኢትዮጵያም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ የቤተሰብ ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ወይን ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል። ከመጠጡ ይልቅ ለእኛ አርሶ አደር የሚቀርበው ግን የስም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 ጥያቄ አቅርባ፣ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ተስማምታለች። መንገዱ ከፈረንሳዩ ሕግ ቢለይም ዓላማው ተቀራራቢ ነው፤ የቦታው ስም የሚያመጣው ጥቅም መሬቱን ለሚያለማው ገበሬ እንዲደርስ ማድረግ። ማርም ይሁን ጤፍ ወይም ቡና፣ በበቀለበት ቀበሌ ስም ተለይቶ እንዲፈለግ ከተሻ አመራረቱ ወጥ ሊሆን፣ ዘሩ ሊጠበቅና ከሌላ ቦታ ምርት ጋር ሳይቀላቀል ለገበያ ሊቀርብ ይገባል።