ከላሊበላ አናት ላይ ያለው ክርክር

ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረቱ ይጀምራል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት የላስታ ጠራቢዎች ግን ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። አንዴ የተፈለጠ ድንጋይ ስለማይመለስ፣ የዓምዱም የመስኮቱም ቦታ መሮው ሳይነሳ መቆረጥ ነበረበት። ትውፊቱ መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዟቸው ነበር ይላል።

ለመሮ የተመቸው ቀይ ድንጋይ ለክረምቱ ዝናብም ተመቸ። ከዚያ ወዲህ የላሊበላ መሐንዲሶች ክርክር አንድ ነው፤ ይህን ዝናብ እንዴት እናግደው?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሰጠው መልስ ሬንጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጋር የመጣው ቡድን ታዲያ አንዱ ሥራው ያንኑ ሬንጅ መላጥ ሆነ። በ1978 አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ቆይቶም ከእነርሱ አንዳንዶቹን በእንጨት ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ለጊዜው አለበሷቸው።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመጠለያ ንድፍ ውድድር የጣሊያኑ የአርክቴክቸር ድርጅት ቴፕሪን አሸነፈ። በ2008 በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ዋናው መከራከሪያ መልካም ነበር፤ ድንጋዩን ሳይነካ የሚቆም፣ ሲያስፈልግም የሚነሳ። ነገር ግን ወረቀት ላይ «ይነሳል» ማለትና ያን ሁሉ ብረት ከውቅሩ አናት ላይ ማንሳት ለየቅል ናቸው። እንዴት ይነሳል የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ ከንድፉ እኩል መመዘን ነበረበት።

በ2018 የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ነፋስ ሲነሳ ብረቱ ይወድቅብናል፣ ቅርሳችንን ያደቅብናል የሚለው ስጋት ከካህናቱም ከምእመናኑም አፍ ይሰማ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው የፈረንሳይን እገዛ ቃል ገቡ።

በሌላ በኩል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ብረት ሳይጫንበት ተጠገነ። ሥራው በ2016 ሲያልቅ የአካባቢው ሰዎች ሙያውን ተምረውበት ነበር። ይህኛው መንገድ ቀስ ይላል፤ ግን ከክረምት ክረምት የሚያይና የሚጠግን እጅ እዚያው ላስታ ይተዋል።

በገና ማለዳ ካህናቱ በማሜ ጋራ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ ያሉት ይቀበሏቸዋል። ከ2008 ወዲህ በቤተ ማርያምና በሰማዩ መካከል መጠለያው አለ።