ያልተመነዘሩት ቲኬቶች

ያሸነፈ የውርርድ ቲኬት ወደ ከፋዩ መስኮት ሳይመለስ መቅረቱ እንግዳ ነገር ነው። ሰው በፈረስ የሚወራረደው ሊያተርፍ ነው፤ ያተረፈ ዕለት ደግሞ ወደ መስኮቱ ሲሮጥ ከፈረሱም ይፈጥናል። ይሁን እንጂ ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 9 ቀን 1973፣ በኒው ዮርኩ የቤልሞንት ፓርክ የፈረስ መሮጫ ሜዳ አሸናፊውን ከመረጡት ቲኬቶች መካከል 5,617ቱ ገንዘባቸው ሳይወሰድ ቀረ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤቶቻቸው ያችን ቁራጭ ወረቀት ከገንዘቡ አስበልጠው ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ።

ሒሳብ ወዳድ ሰው ሊያላግጥ ይችላል። የፈረሱ ማሸነፍ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ስለ ነበር፣ በሁለት ዶላር ለተገዛ ቲኬት የሚከፈለው ሁለት ዶላር ከሃያ ሳንቲም ብቻ ነበር። ሁሉም ቢደመር ከ12,000 ዶላር እምብዛም አያልፍም። በዚህ ዋጋ መታሰቢያ መግዛት ትልቅ መሥዋዕትነት አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የገንዘቡ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን የአሳቡ አቅጣጫ ነው። ቲኬትን የሚያስቀር ሰው ለዛሬ አያስቀረውም፤ ያየውንማ አይቷል። የሚያስቀረው ገና ላላየ ሰው ሊያሳየው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

ፈረሱ ሴክሬታሪያት ይባላል። ዳማ ነው፤ ግንባረ ቦቃ፣ ሦስት እግሮቹ ነጭ ካልሲ ያጠለቁ የሚመስሉ። በአሜሪካ የሦስት ዓመት ፈረሶች በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚሽቀዳደሙባቸው ሦስት ታላላቅ ውድድሮች አሉ፤ ሦስቱንም ያሸነፈ ፈረስ ከ1948 ወዲህ አልታየም ነበር። ሴክሬታሪያት የኬንታኪ ደርቢንና ፕሪክነስን አሸንፎ የመጨረሻውንና ረጅሙን ሊሮጥ ቤልሞንት ሲደርስ የተሰለፉት አምስት ፈረሶች ብቻ ነበሩ። ከመነሻው እርሱና ሻም የተባለው ብርቱ ተፎካካሪው ጎን ለጎን ነጎዱ። አነሣሣቸው ለዚያ ርቀት ከልክ በላይ የፈጠነ ስለ ነበር፣ ሩጫ የሚያውቁ ሰዎች ሁለቱም መንገድ ላይ ይወድቃሉ ብለው ፈሩ። ሻም እውነትም ደከመ፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ቀርቶ በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ ገባ። ሌላው ግን ብቻውን እየራቀ ሄደ። ፈረንጆች የፈረሶችን ርቀት የሚለኩት በፈረስ ቁመት ነውና፣ በ31 ፈረስ ርቀት ቀድሞ አንድ ማይል ተኩሉን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨረሰ። ይህንን ሰዓት በዚያ ውድድር ዛሬም ድረስ የሰበረው የለም። ከዚያ ቀን ፎቶግራፎች ሁሉ የታወቀው፣ ጋላቢው ሮን ተርኮት አንገቱን ወደ ግራ መልሶ ሰዓት መቁጠሪያውን ሲመለከት የሚያሳየው ነው። የሚያሳድደው ፈረስ ስለሌለ ጊዜን ይመለከታል።

ልጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ሕጉ እንዳይወራረድ ይከለክለዋል። አባቱ ቲኬት ጨብጦ ሲቆም ልጁ ባዶ እጁን ነው። ስለ ትርፍና ኪሳራ የሚያስበው ነገር ስለሌለ ዓይኑ የሚያርፈው በፈረሱ ላይ ብቻ ነው፤ በጋማው፣ በኮቴው ድምፅ፣ በስሙ። ያን ቀን ቲኬታቸውን ሳይመነዝሩ የቀሩት ሰዎች ለአንድ ቀን እንደ ልጅ ያዩ ይመስለኛል።

የፈረሱ ታሪክ ራሱ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ክሪስቶፈር ቼነሪ የተባለው ቨርጂኒያዊ በልጅነቱ ፈረስ የጋለበበት የዘመዶቹ ርስት ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ካደገና በጋዝና በመሰል አገልግሎቶች ሀብት ካፈራ በኋላ በ1936 ያንኑ መሬት መልሶ ገዛው፤ «ሜዶው» ይባላል፣ በእኛ «መስክ» እንደ ማለት ነው። በዚያም ፈረስ ማርባት ጀመረ። ከሦስቱ ልጆቹ የመጨረሻዋ ፔኒ ነበረች። በኋላ ዘመን ስለ ልጅነቷ ስትጠየቅ፣ አባቷ ፈረስ ይወድ እንደ ነበርና ወላጅ የሚወደውን ነገር ልጅም ከእርሱ እንደሚወስደው ተናግራለች። ማስተማርን እንዳላነሣች ልብ በሉ። ልጅ የአባቱን ፊት ፍለጋ ሲወጣ ወደ ፈረሱ ዞሮ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሄዶ ከፈረሱ አጠገብ ይቆማል።

አባትየው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው የኬንታኪ ደርቢን ነበር። በ1950 ሂል ፕሪንስ የተባለው ፈረሱ ሁለተኛ ወጣ። በ1962 ሰር ጌይሎርድ ተስፋ ሲጣልበት ቆይቶ በውድድሩ ዋዜማ ተጎዳ። በ1967 ሚስቱ ሞተችበት፤ የእርሱም አእምሮ መድከም ጀመረ። ወንድምና እኅቷ ጋጣው ይሸጥ ሲሉ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አራት ልጆች ታሳድግ የነበረችው ፔኒ አልሸጥም ብላ ሥራውን ተረከበች። በ1972 ሪቫ ሪጅ የተባለው ፈረሳቸው ደርቢን አሸነፈ። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ መናገር ተስኖት ነበር፤ ፈረሱ ማሸነፉን አስታማሚዋ ስትነግረው እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ ይባላል። በጃንዋሪ 1973 ዐረፈ፤ የቤልሞንትን ሰኔ አላየም።

ውርስ ሲመጣ የውርስ ግብርም ይመጣል። ልጅቱ ግብሩን ለመክፈል ሴክሬታሪያት ለዘር የሚፈለግበትን መብት በ32 ድርሻ ከፋፍላ፣ እያንዳንዱን በ190,000 ዶላር ሸጠች። በድምሩ 6.08 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ለዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነው። የአባቷን ቅርስ ለማቆየት ቅርሱን መመንዘር ግድ ሆነባት። ተመልካቹ ቲኬቱን ሳይመነዝር የመቅረት ነፃነት ነበረው፤ ባለቤቲቱ ግን አልነበራትም።

ስለ ስሙም ጥቂት ማለት ይገባል። የጋጣው ጸሐፊ ኤልዛቤት ሃም ለውርንጭላው የላከቻቸው በርካታ ስሞች በመዝጋቢው አካል ተቀባይነት አጡ። በመጨረሻ፣ ቀድሞ የአንድ ዲፕሎማት ጸሐፊ ሆና ታውቃት ከነበረችው ከጄኔቫ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይጠራበት የነበረውን ቃል አመጣች። ለእኛ ያ ማኅበር በ1936 ንጉሠ ነገሥታችን አቤት ብለው ምላሽ ያጡበት ደጅ ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን ሰውን በፈረሱ ስም መጥራት ለለመድን ሰዎች፣ የዚያ ደጅ ስም በፈረስ ላይ ወጥቶ የአሜሪካ ልጆች በደስታ ሲጠሩት መስማት ትንሽ ሳያስገርም አይቀርም።

ስም በቃል የመያዝን ነገር ካነሣሁ ዊልያም ናክን ማለፍ አልችልም። በቺካጎ አካባቢ ያደገው ይህ ሰው ገና በልጅነቱ፣ ከ1875 ጀምሮ የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፉትን ፈረሶች ሁሉ፣ የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም በቃሉ አጠና። አድጎ ጋዜጠኛ ሆነና ስለ ፖለቲካና ስለ አካባቢ ጥበቃ ይጽፍ ጀመር። በ1971 በመሥሪያ ቤቱ የገና ግብዣ ላይ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደው። አዘጋጁ ይህን ሰምቶ የፈረስ እሽቅድምድም ዘጋቢ አደረገው። ሴክሬታሪያት ሲመጣ ናክ ጋጣው ደጅ ነበር፤ በ1975 ያሳተመው የፈረሱ ታሪክና ከፈረሱ ሞት በኋላ በ1990 የጻፈው ድርሰት በስፖርት ጽሑፍ ውስጥ ከሚወደሱት መካከል ናቸው። የልጅነት ጨዋታ እንጀራ ሆነ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ያ ዝርዝር የፈረሶች ዝርዝር ነው። በመጀመሪያው የ1875 ደርቢ ከተሰለፉት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች እንደ ነበሩ፣ አሸናፊውን ፈረስ የጋለበውም ኦሊቨር ሉዊስ የተባለ ጥቁር እንደ ነበር ዝርዝሩ አይናገርም። እነዚህ ሰዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከኮርቻው ተገፍተው ወረዱ፤ የቀራቸው ጋጣውን መጥረግና ፈረሱን መንከባከብ ነበር። የሴክሬታሪያት ጠባቂ ኤዲ ስዌት የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ከድኻ የእርሻ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና በጉብዝናው በአሠልጣኙ በሉሲየን ሎሪን እርሻ ሥራ ገባ። ፈረሱን ያጠበ፣ ያበላ፣ እግሩን የጠቀለለ፣ በየአገሩ በጭነት መኪና አብሮት የተጓዘ እርሱ ነው። በ1998 ሲሞት በእጁ የቀረ ሀብት አልነበረም። በ2004 በኬንታኪ የፈረስ ፓርክ በቆመው የነሐስ ሐውልት ላይ ግን የሴክሬታሪያትን ልጓም ይዞ ከፊት የሚሄደው ስዌት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣ ክብር ነው፤ ቢሆንም ልጅ ከሐውልቱ ሥር ቆሞ «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቲኬቱ ይህን ጥያቄ ሊያስነሣ አይችልም ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። በ1973 በሴክሬታሪያት ፍቅር የወደቁ ሕፃናት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ፈረስ ሊያዩ በቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ራፊያን ትባላለች፤ አሥር ጊዜ ሮጣ አሥሩንም ያሸነፈች ጠይም ሴት ፈረስ ነበረች። ጁላይ 6 ቀን 1975፣ በዚያው በቤልሞንት፣ ከዓመቱ የደርቢ አሸናፊ ጋር ሁለት ለሁለት ተገጠመች። ሚሊዮኖች እያዩ፣ ገና ሩጫው ሳይጋመስ፣ የፊት ቀኝ እግሯ ተሰበረ። አጥንቷ ከተሰበረ በኋላም ለመሮጥ ትታገል ነበር። ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከማደንዘዣው ስትነቃ ግን ተንፈራግጣ የታሰረላትን ሰበረችው፤ ከዚያም እንድትሞት ተደረገ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አሁንም በቤልሞንት፣ ያ ሰዓት መቁጠሪያውን ሲያይ የምናውቀው ሮን ተርኮት ከፈረስ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ።

አባት ለልጁ ምን ይበል? «ፈረሷ ተኛች» የሚል አለ፤ ቴሌቪዥኑን የሚዘጋ አለ፤ እውነቱን የሚናገርም አለ። እሽቅድምድም ጭካኔ ነው፣ ልጅ ሊያየው አይገባም የሚሉትን በቀላሉ ልንመልስላቸው አንችልም፤ ክሳቸው በአጥንት የተጻፈ ነው። እኔ ግን ልጅን የሚያቆስለው ሞቱ ብቻ አይመስለኝም። በድል ቀን በትከሻ ተሸክሞ ያሳየው ሰው በሞት ቀን ፊቱን ሲያዞርበት የበለጠ ያቆስለዋል። ተርኮት በ2025 እስኪያርፍ ድረስ ብዙ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከሩጫ ወዳጆች ጋር ይገናኝና ፊርማውን ይሰጥ ነበር። ልጁን ይዞለት የቀረበ አባት ወንበሩን ሊደብቅ አይችልም።

ሴክሬታሪያት በ1989፣ በ19 ዓመቱ፣ ሊድን ባልቻለ የኮቴ በሽታ ምክንያት ክሌቦርን በተባለው የኬንታኪ እርሻ እንዲሞት ተደረገ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የልቡን ክብደት ወደ አሥር ኪሎ ገመተው፤ ከሌላ ፈረስ ልብ እጥፍ ይበልጣል። ወንዶች ልጆቹ አንዳቸውም አባታቸውን አልተካከሉም። ሴቶች ልጆቹ ግን ኤ.ፒ. ኢንዲንና ስቶርም ካትን የመሰሉ፣ የአሜሪካን ፈረስ ዘር የለወጡ ድንጉላዎችን ወለዱ። የቼነሪ ቤት ነገርም በሴት ልጅ ነው የቀጠለው። ፔኒ በ2017 በ95 ዓመቷ ስታርፍ፣ ልጇ ኬት በ2010 ስለ ሜዶው መጽሐፍ አሳትማ፣ ወንድ ልጇ ጆን ደግሞ በ2013 ስለ እናቱ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ነበር።

ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ የጮኸበት የቤልሞንት መቀመጫ ከ2024 ጀምሮ በአዲስ ሊተካ ፈርሷል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2023፣ በሜዳው መካከል ተቀብራ የነበረችው የራፊያን አጽም ተነሥቶ ሴክሬታሪያት ወዳረፈበት ወደ ክሌቦርን ተወሰደ። እርሻው ለጎብኚ ክፍት ነው። የእርሱ መቃብር ስሙና 1970፣ 1989 የሚሉ ሁለት ዓመታት የተቀረጹበት ትንሽ ድንጋይ ነው። ልጁን ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስለ አንዱ ፈረስ ተናግሮ ስለ ሌላዋ ዝም ማለት ይከብደዋል።